የአባቱ ጉሮሮ

«በሱ ድምፅ ስሜን አትጥራ ብዬሃለሁ!» አለች ጥሩወርቅ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ከምድጃው እያወረደች።

«ቀስ በይ፣ ሽማግሌዎቹ ይሰሙሻል» አለ ባሏ ልዑልሰገድ። ከአፉ የወጣው ግን ከሞቱ አምስት ዓመት የሆናቸው የአባቱ የአቶ ዘርፉ ሻካራ ድምፅ ነበር።

ወረዳው ከአያቱ ጀምሮ የሚመርጠው ይህንኑ ቤተሰብ ነው። አዲሱ ሕግ ደግሞ ወራሹ የሟቹን ድምፅ ጉሮሮው ውስጥ አስተክሎ እንዲያስተዳድር ፈቀደ፤ ሕዝቡ የለመደው ያንን ድምፅ ነው ተብሎ። የሚነቀለው የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ብቻ ነው። የሚያበቃውም ዛሬ ነበር።

«ይህ ድምፅ እኔን የደሃ ልጅ እያለ የሰደበኝ ሳያንስ፣ አሁን ልጅህ ስትጠራት አልጋ ሥር ትገባለች። ታስነቅለዋለህ አታስነቅለውም?»

«አስነቅለዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሳሎን ሲገባ ክትፎውን የጨረሱት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። «ጌታው፣ አንድ ዘመን ይጨምሩልን» እያሉ በየተራ ጉሮሮውን ሳሙት። የከንፈራቸው ቅቤ አንገቱ ላይ ቀረ። በመሐረብ ሊጠርገው አሰበና ተወው።

«ሕዝቤ ከፈለገኝ እኔ ማን ነኝ?» አለ። አባቱ በየምርጫው የሚሏት ቃል ነበረች። ድምፁ ለራሱም አማረው። የሥራ ዘመኑን የሚያራዝመውን ወረቀት ከሽማግሌዎቹ ተቀብሎ ፈረመና ንግግር ጀመረ።

ጥሩወርቅ ልጇን አዝላ፣ ሻንጣዋን ይዛ በመሃላቸው አለፈች። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ እንድታልፍ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉና ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።