የወይዘሮ ዘውድነሽ ጓጉንቸር

ወይዘሮ ዘውድነሽ የተሰበረውን የውሃ በርሜላቸውን ጓጉንቸር ከሳጅን ወዬሳ አፍንጫ ሥር ደቀኑት። «ይኸው! በገዛ ግቢዬ ተዘረፍኩ! ፖሊስ ባለበት አገር እንዲህ ይደረጋል? ለነገሩ ፖሊስ ራሱ ምኑ ይታመናል!» ሲሉ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከሳጅኑ ጀርባ የተሸጎጠችውን ሴት ፖሊስ አዩና አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ኤቢሴ?»

ኮንስታብል ኤቢሴ እዚህ ግቢ ከተከራየች ስምንት ወሯ ነው። የግቢው ሰው የሚያውቃት ዱከም ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ አድርጎ ነው። ጠዋት ጠዋት ጂንስ ሱሪ ለብሳ ትወጣለች፣ ዩኒፎርሟን ጣቢያ ደርሳ ትቀይራለች። ወይዘሮ ዘውድነሽ ክፍሉን ያሳዩዋት ቀን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ለሌባና ለፖሊስ አላከራይም፤ ሌባው እንኳ ሲለምኑት ይመልሳል» ብለዋት ስለነበር ዋሸች። ሰኞ ዕለት ከሌላ ቀጠና አንስተው እዚህ ሰፈር ሲመድቧትም ለአለቃዋ ምክንያቷን መናገር አፍራ ዝም አለች። ዝም ማለት ታውቅበታለች፤ ከሥልጠናው ደህና አድርጎ የገባት እሱ ነው።

ይጮሁብኛል ብላ ስትጠብቅ የሴትዮዋ ፊት በራ። «አንቺ ተንኮለኛ! ፖሊስ ቤቴ አስቀምጬ ነው ለካ ሌባ ስፈራ የከረምኩት!» አሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማላቸው ጮክ ብለው። ክንዷን ይዘው ወደ ግቢው መሃል ጎተቷት። ስምንት ወር ሙሉ ከሁለት ጀሪካን በላይ እንዳትቀዳ ቧንቧው ራስ ላይ ቆመው ሲጠብቋት የኖሩ ሴትዮ አሁን ትከሻዋን ያሻሹላታል። ኤቢሴ ናቀቻቸው። መናቅ ብርቋ አይደለም። በቀን አሥር ሰው ትንቃለች፣ በቀን መቶ ሰው ይንቃታል፤ ሲመሽ ግን ሁሌም ከሳሪዋ እሷ ናት።

«ማነው የሰበረው ታዲያ?» አለ ሳጅን ወዬሳ። ምሳው ቀርቦለት ሳለ የተጠራ ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው ጥፋተኛ መስሎ ይታየዋል።

«ያቺ ሳምቡሳ ሻጯ ናታ! ጀሪካኗን ሞልታ አግኝቻታለሁ። ዋፊቃ! ነይ ውጪ!»

ዋፊቃ የኤቢሴ የግድግዳ ጎረቤት ናት። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነ ብቅ አለች።

ጓጉንቸሩን የሰበረችው ኤቢሴ ናት። ትናንት መናኸሪያ አካባቢ የወደቀ ሰካራም ስታነሣ ዩኒፎርሟ ላይ አስታወከባት። ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፣ የእሷ ሁለት ጀሪካን አልቋል፣ የወይዘሮ ዘውድነሽ በርሜል ግን እስከ አፉ ሞልቶ የበርሜሉ ቧንቧ ተቆልፏል። ንጋት ላይ ጓጉንቸሩን በመዶሻ መታችው። ለሱብሒ ሶላት የተነሣችው ዋፊቃ በመስኮት አየቻት። «አበጀሽ!» ብላ ሳቀችና እሷም አንድ ጀሪካን ሞልታ ገባች።

«ውሃውን ቀድቻለሁ። ቁልፉን ግን ወላሂ እኔ አልሰበርኩም» አለች ዋፊቃ። መጀመሪያ ዩኒፎርሙን፣ ቀጥላ ኤቢሴን አየች። «ማን እንደሰበረው ግን...» ብላ አቆመች። የቀረውን ባለቤቱ ይናገረው ብላ ጠበቀች።

እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል? ኤቢሴ ምላሷ ላይ አድርጋው ነበር። ከዚያ ክፍሏን፣ ከዚያ ሥራዋን፣ ከዚያ ሳጅን ወዬሳ ጣቢያ ውስጥ እየሳቀ ሲያወራባት አሰበችና መልሳ ዋጠችው። ሌላውን ሰው «እውነቱን ተናገር!» እያለች ስታፋጥጥ የምትውል ሴት ናት።

«ማል ጎና፣ ኤቢሴ? ምን እናድርግ፣ እንውሰዳት ወይስ እንተዋት?» አለ ሳጅኑ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት ትመጣለች» አለች ዋፊቃ። «በር የሚከፍትላት ሰው የለም።»

«ሳጅን፣ የጎረቤት ነገር ነው፣ እዚሁ በእርቅ እንጨርሰው» አለች ኤቢሴ። ድምፅዋ የደግ ሰው ድምፅ ስለመሰለ ራሷን ገረማት። ፍርሃቷን እርቅ ብላ ስም አወጣችለት።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ደረታቸውን መቱ። «ለአንቺ ስል! ሌላ ሰው ቢለምነኝ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልምራትም ነበር! በይ ዋፊቃ፣ እኔን ተዪኝ፤ የእሷን ጉልበት ሳሚ። እሷ ባትኖር ዛሬ ጣቢያ ነበር የምታድሪው።»

«ኧረ አያስፈልግም፣ እትዬ...» አለች ኤቢሴ።

«ምን ማለት ነው አያስፈልግም? እርቅ እንዲሁ በባዶ ይሆናል እንዴ!»

«ሳሚያትና እንሂድ» አለ ሳጅን ወዬሳ ሰዓቱን እያየ።

ዋፊቃ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ስትቀርብ ከኤቢሴ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «እኔ እኮ ዝም ያልኩልሽ እንደኔው ምስኪን መስለሽኝ ነው» አለቻት። ከዚያ ጎንበስ አለች።

ወጉ እንደሚያዘው ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው ጉልበቱ ሳይነካ በፊት ለማኙን ትከሻውን ይዞ ያነሣዋል። የኤቢሴ እጆች ማንም ሳያዛቸው ተዘርግተው ዋፊቃን በትከሻዋ ያዟት። ወይዘሮ ዘውድነሽ ዕልልታቸውን ለማቅለጥ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፣ ሳጅኑ ወደ በሩ ዞሯል። ዋፊቃ ቀና ብላ ዐይን ዐይኗን ታያታለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት ኤቢሴ።