ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ

ጋሽ ሃይለአብ የመኪናቸውን መስኮቶች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። «ድምጹ እንዳይወጣ» ይላሉ። ስለ ዝናቡ ምንም አይሉም። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመናል፤ እሳቸው መሪው ጋ፣ የወንድማቸው ልጅ ዳናይት ከጎናቸው፣ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቶቼን ገጥሜ።

ዲስኩ በእጃቸው ነው። ለዳናይት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አምስት ዘፈኖች አሉበት፤ ከአምስተኛው በኋላ ለአንድ ደቂቃ ምንም የለም፤ ከዚያ እኔ አለሁ። «ዳናይት፣ ኢያቄም ነኝ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው። እወድሻለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ቀዳሁት።

በስልክ መላክ ይቻል ነበር። ሦስት ጊዜ ቀድቼ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ስልክ ላይ መልእክቱ መታየቱን የምትናገር ምልክት አለች፤ እሷን አፍጥጬ ስጠብቅ መሞቴ ነው። ዲስክ ግን አያሳብቅም። ብቻዋን ትሰማዋለች፣ በሯን ዘግታ። ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ያላሰብኩት፣ ደምበል የስልክ ዕቃ የምትሸጥ ልጅ ቤቷ ውስጥ ዲስክ የሚያጫውት ነገር እንደሌላት ነው። በዘመዶቿ ሁሉ ዘንድ የቀረው ማጫወቻ የአጎቷ መኪና ውስጥ ያለው ብቻ ነው። «አንተም ና፣ አብረን እንስማው» ብላ ከሥራ ስወጣ ጎትታ አመጣችኝ።

«ስልክና ዲስክ በዚሁ በመኪናው ስፒከር ይፈተኑ» ይላሉ ጋሽ ሃይለአብ። «መጀመሪያ ያንቺ ስልክ።»

ዳናይት ስልኳን በገመድ ታገናኛለች። ሽፋኑ ላይ የጻፍኩትን የመጀመሪያውን ዘፈን ስም አይታ ትፈልገዋለች። አጎቷ መነጽራቸውን ሸሚዛቸው ላይ ጠርገው እስኪያጠልቁ ዘፈኑ ወርዶ ጀምሯል።

«አዩ ጋሼ? ከመቀመጫዬ ሳልነሳ። ሺህ ዘፈን ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ሺህ ይዘሽ አንዱንም አትጨርሺም።»

«ምን ላድርግ፣ ሌላው እየጠበቀኝ!»

«ይኼ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የለቀቀ ሸሚዝ ነው» ይላሉ ገመዱን እየነቀሉ። «አሁን ሸሚዙን አዲስ እያለ እዪው።»

ማጫወቻው ዲስኩን ይውጠዋል። ትንሽ ያንጎራጉራል። ከዚያ ክራሩ ከጆሮዬ ኋላ ይነሳል፣ ተጫዋቹ እኔው ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል። መስታወቶቹ በትንፋሻችን ጉም ለብሰዋል። ውጭ የሚያልፉት ዣንጥላዎች ቀለም ብቻ ናቸው፤ ቀይ ይመጣል፣ ይሟሟል፣ ሰማያዊ ይተካዋል።

«እኔ እኮ ልዩነቱ አይ…» ትላለች ዳናይት። እጇን ታነሳለች። «ቆይ! ትንፋሽ ሳበ።»

«ማን?»

«ዘፋኙ። ሊጀምር ሲል። ስልኩ ላይ ይኼ የለም።»

ጋሽ ሃይለአብ መሪውን በመዳፋቸው ይመቱታል። «ይኸውልሽ! ሰው ነዋ!» ወደኔ በኋላ ማሳያው መስታወት ያያሉ። «አንተ ልጅ፣ ከየት አመጣኸው?»

«ከወንድሜ ኦሪጅናል ሲዲዎች። ጥራቱን ሳላሳንስ ነው የገለበጥኩት።»

ከገባሁ ጀምሮ የተናገርኩት ይኼን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛው። ዳናይት ጭንቅላቷን መቀመጫው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። መኪናው የቆመ አይመስለኝም፤ በውኃ ላይ ቀስ እያለ የሚወስደን ይመስለኛል፣ ከሰፈሩ በላይ፣ ከቆርቆሮዎቹ በላይ። አራተኛው ሲጀምር የቀረውን ቆጥሬ እመለሳለሁ። አምስተኛው ሲያልቅ «አለቀ» እላለሁ። አንድ ቃል ነው። ጋሽ ሃይለአብ ያወጡታል፣ እኔም እድናለሁ።

አምስተኛው ያልቃል።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ብቻውን ይቀራል። «አለቀ» አፌ ውስጥ ነው፣ ምላሴ ላይ፤ አይወጣም። ለዚህም ዓይን አፋር ነኝ።

«አለቀ መሰለኝ» ይላሉ እሳቸው። ጣታቸው ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

«ቆይ ጋሼ፣ ማጫወቻው ስድስት ይላል። ይቆጥራል።»

«ሽፋኑ ላይ አምስት ነው የተጻፈው።»

«ይቆጥራል እኮ።»

ጋሽ ሃይለአብ በመስታወቱ ያዩኛል። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ፊቴ እንደ ምጣድ ይግላል። ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ያነሳሉ። አንገታቸውን ያካሉ።

«የኋላው ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ። ልየው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ጎማ ዝናብ መርጦ አይተነፍስም» ብለው ይወርዳሉ። በሩን ልጅ የተኛበት ይመስል ቀስ አድርገው ይዘጉታል። ኮታቸውን አናታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ አጥሩ ሲሄዱ ጉሙን በእጄ በጠረግኩበት መስኮት ይታየኛል። ጎማውን አላዩትም።

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። አረንጓዴዎቹ ቁጥሮች ይሄዳሉ።

የዳናይት ስልክ ጭኗ ላይ ይበራል፤ አንድ ሰው ጽፎላታል። ሳታየው ትገለብጠዋለች። ብርሃኑ በጣቶቿ መሃል ትንሽ ፈንጥቆ ይጠፋል። ባዶውን ደቂቃ አታልፈውም። ምንም የሌለበትን ያንን ሁሉ ሰከንድ፣ አንድ በአንድ፣ ትሰማዋለች።

ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ።

ከአራቱም ስፒከሮች፣ ከእግራችን ሥርና ከጆሮዬ ኋላ፣ ትንፋሽ እስባለሁ።

አንድም ቃል ሳይወጣኝ ዳናይት ወደኔ ትዞራለች።