የቀረው ልጅ ድርሻ

ለቡድን ገለጻ የወጡት አራት ተማሪዎች ሰሌዳው ስር ተደርድረው አንዲቷን ወረቀት «አንተ አንብብ፣ አንቺ አንብቢ» እየተባባሉ ሲገፋፉባት ቆዩ። በላብ የራሰችው ወረቀት በመጨረሻ ረጅሙ ልጅ እጅ ላይ ቀረች። ገና ያኔ እንዳያት ያስታውቅ ነበር። መምህርቷን ቀፈፋት፤ ጠመኔውን በጣቶቿ መሃል እያደቀቀች አዳመጠችው።

«ውሃን የሚበክሉት ነገሮች ቆሻሻ፣ ኬሚካል፣» አለ እየተንተባተበ፣ «ወ... ዘ... ተ።»

«ወ ዘ ተ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጁ ጓደኞቹን አየ፤ እነሱ ጫማቸውን አዩ። «እሱ ዛሬ የቀረው ልጅ ድርሻ ነው፣ ቲቸር።»

መምህርቷ ክፍሉ በሳቅ እስኪያውካካ ጠበቀች። ማንም አልሳቀም። ዞር ስትል ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉ ነበር። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከኬሚካል ቀጥሎ ያለውን ይድገምልን።»