ከሁለት በመቶ አይብለጥ

ኢንጂነሯ ባለፋብሪካውን ለመበቀል ሽጉጥ አላስፈለጋትም፤ አንድ ቁጥር በቂዋ ነበር።

የሱቅ ጥበቃ ካሜራ መረጃውንም ኤሌክትሪኩንም ባንድ የኔትወርክ ገመድ ሲያገኝ፣ ኃይሉን ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ይካፈሉታል። አንዱ ሽቦ ከጓደኛው ከቀጠነ ግን ሸክሙ ወዲያኛው ይወድቅና ገመዱ ይግላል። የታናሽ ወንድሟን ሱቅ ያነደደው እንዲህ ያለ ገመድ ነው። ወንድሟ ውስጥ ነበር። ገመዱን የሠራው ባለፋብሪካ ለቀብር መጥቶ፣ "ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው" ብሎ ሄደ። አንጀቷ እርር እንዳለ ቀረ።

ዘንድሮ አንዱ በመቅጠኑ በሽቦዎቹ መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት ከስንት በመቶ እንዳይበልጥ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ እሷ ሆነች። እሰይ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሰባት በመቶ ብላ አቀረበች። ባለፋብሪካው በማግስቱ ቢሮዋ ድረስ መጣ።

"ልጄ፣ በሰባት ከሄድሽ ግማሹ ምርቴ ገደል ገባ።"

"እውነትዎን ነው?"

"ምን ያስዋሸኛል!"

አምስት አደረገችው።

ተመልሶ መጣ። ያ ኩሩ ሰውዬ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

"አምስቱንስ እንደ ምንም እንችለዋለን። ብቻ አደራሽን፣ ሁለት እንዳትዪው። ሁለት ካልሽ አለቀልኝ።"

"ይነሱ ጋሼ፤ ወለሉ ይበርድዎታል" አለችው። በሩን ከኋላው ዘግታ ብቻዋን ሳቀች።

በስብሰባው ቀን አንድ ሽማግሌ መምህር እጃቸውን አወጡ። "ሁለት በመቶ ከልክ በላይ አልጠበበም ወይ? ለደህንነቱ አምስቱ ይበቃል። ትንንሾቹ ፋብሪካዎች ይህን አይችሉትም።"

"የሰው ቤት ከሚዘጋ ፋብሪካ ይዘጋ!" አለች።

ወንድሟን ሁሉም ያውቃል፤ ማን ደፍሮ ይከራከራት? እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ትንንሾቹ ባለፋብሪካዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ዞር ብላም አላየቻቸው። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አልቅስ፣ አለች በሆዷ፤ እናቴም እንዲህ ነው ያለቀሰችው።

ወሰኑ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ወሬ ብቻ አላጠግብ አላት። ውድቀቱን በዓይኗ ልታይ ፋብሪካው ድረስ ሄደች። በር ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ዕቃውን እያወጣ ነው ማለት ነው፣ ብላ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

"ጋሼ ፋብሪካውን ሊዘጉ ነው አሉ?" ስትል ዘበኛውን ጠየቀችው።

"ምን ሲደረግ!" አለ ዘበኛው እየሳቀ። "ሌሎቹ ናቸው እንጂ የተዘጉት፤ ሁለት በመቶ የሚያወጣውን ማሽንማ ጋሼ አምና ነው ያስመጡት።"