የመሰናክሉ እግር

ጎረቤቴ በዘመኑ የጣሊያን የመሰናክል ሩጫ ሻምፒዮን ነበር። ዛሬ የትንሿ ከተማችን ሜዳ በስሙ ተሰየመ። በሽቶ ተነክሮ፣ ሜዳሊያዎቹን እያንቃጨለ መጥቶ ጉንጬን ሲስመኝ በእጅጌዬ ጠረግኩት።

«ቅናት ነው?» አለችኝ ሚስቴ።

«ሽቶው ነው» አልኳት።

እርግጥ ሽቶው ብቻ አይደለም። ሰውየው ነገር ሁሉ ማስተካከል መውደዱ ያቅለሸልሸኛል። በሩጫ ዘመኑ የልምምድ መሰናክሎችን ራሱ ይደረድር ነበር እንጂ ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር። አብሮት ይለማመድ የነበረው የእህቴ ልጅ ዳሪዮ ሊበልጠው በደረሰበት ዓመት፣ ሻምፒዮናው ሲቃረብ፣ መሰናክል ጠልፎት ጉልበቱ ተሰበረ። ሜዳውን ከሚያሳየው መስኮቴ ሆኜ አይ ነበር። ጎረቤቴ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ልጁ መሬት ላይ እየጮኸ፣ እሱ መጀመሪያ፣ ለብቻው ወደ ኋላ ዞሮ የቆመውን መሰናክል እንደ ሌሎቹ አዙሮ አስተካከለ። ዳሪዮን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይሄ ሰው ሬሳ ከማንሳቱ በፊት ምንጣፍ ያስተካክላል» ብዬ ለሚስቴ አምቼው ነበር።

ሻምፒዮናውን እሱ ወሰደ፤ ዳሪዮ ዛሬም ያነክሳል።

ዛሬ በስያሜው ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግሩን ሲጨርስ መሰናክል አስመጥቶ ወጣት ሯጮቹን ያስተምር ጀመር። «የመሰናክሉ እግር ወደ እናንተ የዞረ ከሆነ ስትነኩት ይወድቃል» ብሎ ገፋው፤ ወደቀ። አነሳና አዞረው፤ ቢገፋው ንቅንቅ አላለም። «እንዲህ ከቆመ ግን እሱ አይወድቅም። የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ዳሪዮም አጨበጨበለት። ሚስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ጎረቤቴ ሊስመን እጁን ዘርግቶ እየመጣ ነበር።