ቅቤና ጓንት

በዚያ ዘመን የቤት እንስሳት የሚወለዱት በተጣራ አየር ውስጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹን የሰው ገላ አይስማማቸውም ነበር። አቶ ጥላዬ ይህን አላሰቡትም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚያነጋግሩት ድመታቸውን ዳማን ብቻ ነበር። መዳፏን ያለ ዕረፍት ስትልስ፣ ጆሮዋን ስታክ፣ የሆዷ ፀጉር ሲረግፍ አይተው ቁንጫ ነው አሉ። ለጋ ቅቤ እያቀለጡ በእጃቸው አሿት። ባሰባት።

"ቁንጫ የለባትም፤ ምግቧንም ቀይረን አልተሻላትም" አለች የእንስሳት ሐኪሟ ሶስና። "አባባ፣ የት የት እንደቀላ ይዩት እስቲ።"

አዩ። ጆሮዋ ሥር፣ አገጯ ሥር፣ ሆዷ ላይ፤ እሳቸው የሚዳስሷት ቦታ ሁሉ ቀልቷል።

"እኔ ነኝ በይኛ።"

ሶስና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ለሌላ ሰው ልስጣት?"

"ሌላውስ ሰው አይደል? በባዶ እጅዎ አይንኳት እንጂ ትድናለች።"

በወሩ ዳነች። አንድ ቀን ከሰዓት እንደ ልማዷ ልትወጣባቸው መጣች።

"ቆዪ እሜቴ፣ ልልበስ።"

ጭናቸው ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፉ፤ የላስቲክ ጓንታቸውን እስከ ክርናቸው ሳቡና ጀርባዋን ዳሰሱ። ዳማ ዓይኗን ጨፍና ማንኮራፋት ጀመረች። ንዝረቷ በጓንቱ አልፎ መዳፋቸው ደረሰ፤ ሙቀቷ ግን አልደረሰም።