አልመጣም ያለችው

«ወላሂ ፋጤ፣ ገጹ ዛሬ ይዘጋል። ያላ፣ ቶሎ ጻፊ!» ይለኛል ተድላ ከጀርባዬ ቆሞ። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለው ይሄ ኢንተርኔት ቤት የእሱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ጠጠር እንዳልተለቀመለት ሩዝ ነው።

«ምን ታካልበኛለህ? እየጻፍኩ አይደል?»

ከገጹ ወደ ደብተሬ የምገለብጠው የሴቶቹን ስልክ ቁጥር ነው። እኛ የወሎ ሴቶች ቅሬያችንን፣ እድራችንን ማለቴ ነው፣ በኢንተርኔት መጥራት ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። አገር ቤት ለፋፊ በየበሩ እየዞረ ይጠራል፤ እዚህ ሠራተኛው ሁሉ በየግቢው ተዘግቶበት በምን ይጠራ? ይቺን የሰው ማሰባሰቢያ ገጽ አገኘን። ጸሐፊዋ እኔ የዓርቡን ቦታ እጽፋለሁ፤ እነሱ በየአሠሪያቸው ኮምፒውተር «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚለውን ይጫናሉ። መጀመሪያ በነጻ ነበር። በክፍያ ሲያደርጉት ጂዳ ያለው ያገራችን ልጅ ሙባረክ በካርዱ ከፈለልን፤ ከሱዳን መክፈል አይቻልማ።

ከዚያ ሞባይል ረከሰ። ድሮ ገጹ ላይ ካርቱም ብዬ ስፈልግ ክሪኬት የሚጫወቱ ህንዶች ነበሩ፣ የሚዘምሩ ፊሊፒኖች ነበሩ። አንድ በአንድ ሄደው እኛ ብቻ ቀረን። ከኛም መቶ አርባ ሴት ገጹን የሚከፍት ጠፋ፤ ሁሉም ሰብሳቢያችን ሀጀራ ጋ መደወል ሆነ። ሙባረክም «ማን ሊያየው ነው የምከፍለው?» ብሎ አቆመ፤ የከፈለው ዛሬ ያልቃል። እውነቱን ነው። ግን ከፋኝ፤ አራት ዓመት ስጣራ ኖሬ በቃሽ መባል ያማል።

«ይቺ ደግሞ ቁጥር የላትም» እላለሁ።

«መን? ማናት?»

«ሙኒያ።»

በገጹ ከተመዘገበች ጀምሮ ሙኒያን በዓይኑ ያያት የለም። ኩራተኛ ናት እያልን ስንቦጭቃት ነው የኖርነው፤ ሀጀራማ «ወይዘሮ አልመጣም» ብላታለች። እኔ የሚመጡትን እንጂ የሚቀሩትን ቆጥሬ አላውቅም። አሁን ስሟን ስጫነው ዝርዝሩ ይወርዳል። አልመጣም። አልመጣም። አልመጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዓርብ ሳታስታጉል። ሌላው ሁሉ ገጹን ከተወው በኋላ እንኳ። የዛሬውን የጻፈችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው።

ተድላ ይስቃል። «ይሄ መጅኑን ነው፣ እብድ! የማይመጣ ሰው፣ ለምን ይጽፋል?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቅሬ ደንብ አለው። ሦስት ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ የቀረ ሰው ይሰረዛል፤ ቢሞት ለቀብሩ የሚወጣለት የለም። «አልቻልኩም» ብሎ የላከ ግን ሺህ ጊዜ ቢቀር ስሙ አይነካም። ልጅቱ ኮርታብን አይደለም። ስሜን አትሰርዙት እያለችን ነው። እኔ ጸሐፊ ተብዬ ይህን ሳላይ! አፈርኩ፣ ወላሂ አፈርኩ።

ወዲያው እጽፍላታለሁ። «ሙኒያ እህቴ፣ ፋጤ ነኝ፣ የቅሬው ጸሐፊ። ገጹ ዛሬ ይዘጋል። ስልክሽን ላኪልኝ።»

እንጠብቃለን። ተድላ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሳቁን ትቶታል።

መልሱ ይመጣል። «ስልኬን ማዳም ወስዳዋለች። ከግቢም አያስወጡኝ። ዓርብ ጠዋት እነሱ ሲተኙ የልጆቹን ኮምፒውተር እነካለሁ። እቴ ፋጤ፣ ገጹ ከተዘጋ ስሜ ይሰረዛል? እዚህ ብሞት ማን ይሰማል?»

«ቤቱ የት ነው?»

«ካፉሪ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ ነጩ በር። ከዓስር ሶላት በኋላ ደጅ ያለውን አትክልት አጠጣለሁ።»

አድራሻውን መዳፌ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ደብተሩን የት እንዳደረግኩት እንኳ አላውቅም። ከዚያ «አይሰረዝም» ልላት ስጫን ገጹ አልሄድ ይላል። ተድላ ሦስቴ ይሞክረዋል።

«ኸላስ» ይላል ቀስ ብሎ። «አለቀ።»

መልሴ ሳይደርሳት አለቀ። ስልኬን አውጥቼ ሀጀራ ጋ እደውላለሁ።

«ለሴቶቹ በሙሉ ንገሪልኝ። የዛሬው ቅሬ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ፣ ካፉሪ ሰፈር ነው።»

«ካፉሪ? ማን ቤት?»

«ሙኒያ በር ላይ።»

«ውይ በሞትኩት! ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም። በቁሟ ነው የምንደርስላት።»

 ሀጀራ የስም ዝርዝሯን ስታገላብጥ በስልኩ ይሰማኛል።

«ስንት ሰዓት ላይ እንሰባሰብ?»